ከሽኩር ደጃፍ የለቀምኳቸው ቀለሆች

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ሽኩር ተመቷል። ጭኑን ነው። ነፍሱ አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሆስፒታል ልንሄድ ነው፤ ሚስቴ ሙርሺዳ ባኪው፣ ፒክአፓችን ውስጥ ሆና ጥሩምባ እየነፋችብኝ ነው። ፊታቸውን የሸፈኑ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠመንጃ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ሰዉ ሁሉ «ክላሽ ነው» ይላል። ክላሽ አይደለም። አይደለም አልኩ እኮ!

ያው ዕለት፣ ማታ

አሁን ትንሽ ረጋ ብያለሁ። ሐኪሙ አጥንቱ አልተነካም ብሏል።

የሽኩር ስፓዛና የእኔ ስፓዛ፣ ትንንሾቹ የሰፈር ሱቆቻችን፣ በዚህ የስደት አገር ዳቬይተን ሰፈር ውስጥ ፊት ለፊት ናቸው፤ መሐላችን አንድ ጠባብ አስፋልት ብቻ ነው። ተኩሱ ሲጀምር ዳቦ እያወረድኩ ነበር። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተደፋ፤ እኔም ተደፋሁ፤ ግን ለመናገር ያሳፍራል፣ እቆጥር ነበር። ስድስት። ክላሽ ደረትህ ውስጥ ነው የሚጮኸው። ይሄኛው ደረቅና ቀጭን ነው፤ ጆሮን ይገርፋል።

የተኳሾቹ መኪና እንደተነሳ ሮጥኩ። የሽኩር ሚስት ሪሀና ሻርፗን ጭኑ ላይ አጥብቃ ይዛ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ትላለች። ጎረቤቶች አንስተው መኪና ላይ ጫኑት። እኔስ? እኔ ጎንበስ ብዬ የጥይቶቹን ባዶ ቀለህ ለቀምኩ። ስድስቱንም። አንዱ የዳቦ ሣጥን ሥር ገብቶ ነበርና በሆዴ ተኝቼ አወጣሁት። አስራ አንድ ዓመት የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። ከዒላማ ተኩስ በኋላ ባዶ ቀለህ ተቆጥሮ ካልገባ ምሳ የለም። አንድ ከጎደለ ሻለቃው በሙሉ ሣር ሲያበጥር ይውላል። እጄ ሳያስፈቅደኝ ነው የለቀመው።

ፖሊሶች ሲመጡ መሬቱ ንጹሕ ነበር። አንዲት ግዙፍ ሳጅን «ቀለህ ያየ አለ?» ብላ ዞራ ጠየቀች። ማንም አላየም። እኔንም ጠየቀችኝ። አላየሁም አልኩ።

ለምን? የጥገኝነት ፔፐሬ ላይ «ገበሬ» ነው የሚለው። ወታደር ነበርኩ ብል ኖሮ እስከ ዛሬ ይጠይቁኝ ነበር። ቀለህ ለይቶ የሚለቅም ገበሬ ደግሞ የት አለ? ዱቄት ወተት በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ይህንንም የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ አፌን የፈታሁት በስልጥኛ ቢሆንም ጽሕፈት የተማርኩት ካምፕ ውስጥ ነው። ሙርሺዳ ደግሞ የእኔን እጅ ጽሑፍ ለማንበብ ትዕግሥቱ የላትም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ሀቢሶ መጣ። ሀቢሶ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ የጥበቃ ድርጅት ተቀጥሮ ዕቃችን ከጅምላ ሱቅ ሲወጣ በመሣሪያ ያጅባል። ትናንት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እኛ ሰፈር መሆን ነበረበት። የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ድርጅቱ ሰዓት ቀየረብኝ» አለ።

ከዚያ ምን አለ? «ጋሽ ሙዘሚል፣ ቀለህ አልተገኘም?»

እውነቱን ለመናገር፣ አስቀድሞ ስለ ሽኩር ጠይቋል። ግን ወዲያው ቀጥሎ ስለ ቀለህ። ምን አገባው?

ሰኔ 6፣ ዓርብ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እስቲ ነገሩን ለራሴ በወጉ ላስረዳ። ጠመንጃ ሁሉ አንድ ነው የሚሉ ሰዎች ያበሽቁኛል።

አንደኛ፣ እነ ምንሽርና እነ ዲሞትፈር። ረጅሞች ናቸው፤ አንድ ተኩሰህ፣ መዝጊያውን ስበህ፣ ሌላ ታጎርሳለህ። ሰውየውን ከሩቅ አይቶ ለሚያስብ ሰው የተሠሩ ናቸው። ቀለሁ ራስህ እስክታወጣው ድረስ ውስጡ ይቀመጣል፤ ጠንቃቃ ሰው ምንም ሳይጥል ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ እነ ጂ-ስሪና እነ ኤም-ፎርቲን። ጥይታቸው የአሮጌዎቹን ያህል ትልቅ ነው፤ ግን ራሳቸው ይጎርሳሉ። ሰደፋቸው የምልምሉን ትከሻ ያጠቁራል። እዚህ የቆርቆሮ ሰፈር ውስጥ አንዱ ቢተኮስ ሦስተኛው ቤት የተኛውን ሰው ያገኘዋል። የጂ-ስሪ ቀለህ ደግሞ ጎኑ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይዞ ይወጣል፤ አንዴ ያየው ሰው አይስተውም።

ሦስተኛ፣ ክላሽ። ጥይቱ አጠር ያለ፣ ጭቃ የሚችል፣ ሰነፍ ወታደር የሚችል። ስንቱን ፈትቼ ገጠምኩ! ሰው ካልበደለው በስተቀር በራሱ የተበላሸ አላየሁም።

አራተኛ፣ ቀጭኖቹ። ጥይታቸው አምስት ነጥብ አምሳ ስድስት ነው። ቀላል ነው፤ ብዙ መያዝ ይቻላል፤ ሩቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ድምፁ ደረቅ ነው። እዚህ አገር ፖሊሶችና የጥበቃ ሰዎች የሚይዙት አጭሩ አር-ፋይቭ ከዚህ ወገን ነው። ሆዱን ብትከፍተው ግን የክላሽ ዘመድ ነው፤ አፉ ጠበበ እንጂ አንጀቱ አንድ ነው። የክላሽን ክፉ ጠባይም ወርሷል፤ ቀለሁን ሲወረውር ጎኑን ሰርጎድ እስኪል ጨርግዶ ነው።

ቆርቆሮውን አውርጄ ስድስቱን ደረደርኳቸው። ቀጭኖች። አምስት ነጥብ አምሳ ስድስት። ጆሮዬ አልዋሸኝም! ዳቬይተን ውስጥ አራተኛውን ወገን ማን ይይዛል? ፖሊስና ጥበቃ። ከእኛ ሰዎችስ በማን ትከሻ ላይ አለ? በሀቢሶ ትከሻ ላይ፤ የያዘው አር-ፋይቭ ነው።

የቀለሆቹ ጎን ንጹሕ ነው። አልተጨረገደም። መሣሪያው አዲስ ሆኖ ይሆናል።

ሀቢሶ ያገባው የዚህን ሰፈር ልጅ ነው፣ ዛኔሌን። በእሷ ወረቀቱ ተሟላለት፤ በወረቀቱ መሣሪያ ያዘ። እኛ ለፔፐር እድሳት ስንንከራተት እሱ ዘና ብሎ ይኖራል። ስልክ ሲያወራ በዙሉ ነው፤ ይስቃል ደግሞ። ከማን ጋር ነው የሚስቀው?

ሰኔ 8፣ እሑድ

ሙርሺዳ ጸጉሯን ዛኔሌ ጋ ተሠርታ መጣች።

«ሌላ ጸጉር ሠሪ ጠፍቶ ነው?» አልኳት።

«ልጄን ስወልድ ክሊኒክ ድረስ ተሸክማኝ የሄደችው ማን ሆነና? አንተ ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«እሷም ሥራ ነበራት» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እንዲህ ናት፣ መልስ አታጣም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሀቢሶ ዛሬም መጣ። ቀዝቃዛ ኮካ ገዝቶ ሳይከፍተው ቆመ። «ቀለህ ከመሬት ያነሳ ሰው ካየህ በእግዚአብሔር ንገረኝ» አለኝ። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔ ሳንቲም እመልስ ነበር፤ ቆጠራው ሁለት ጊዜ ተሳሳተብኝ። ብርዱ ነው።

የሚጠይቅ ሰው የሚፈራ ሰው ነው። ንጹሕ ሰው ቀለህ ምን ያደርግለታል?

ሰኔ 15፣ እሑድ

አውጫጭኝ ተቀመጥን። ማን ተኮሰ በሚል ጥቆማ ከየቤቱ ሲመጣ ጋሽ ማናሴ ናቸው «እንደ አገራችን እናድርገው» ያሉት። ጋሽ ማናሴ የከምባታ ሰው ናቸው፤ እዚህ ከሁላችን ቀድመው የመጡ፣ ስንጣላ የሚያስታርቁን። የጅምላ ሱቁ ጓሮ በር ተቆለፈ፤ ስልኮች ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ገቡ። አርባ ሰው እንሆናለን። ሁሉም የሚያውቀውን ሳይናገር አይወጣም። እስላሙ በቁርአን፣ ክርስቲያኑ በመጽሐፍ ቅዱስ ማለ። «አይቶ የደበቀ፣ ልጁ አይደግለት!» አሉ ጋሽ ማናሴ። አሚን አልን። እኔም አሚን አልኩ።

ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ ስለ ጠመንጃ ወገኖች አስረዳሁ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ክላሽ አልነበረም፣ ይህን ወገን ጥበቃዎች ይይዙታል አልኩ። ስም አልጠራሁም! ስም መጥራት ምን ያስፈልጋል? አርባ ራስ ወደ ሀቢሶ ዞረ።

ጋሽ ማናሴ «ይህን ሁሉ በድምፅ ብቻ ከየት አወቅህ?» አሉኝ።

«ጦር ሰፈር አጠገብ ነው ያደግሁት።»

ሀቢሶ ተነሳ። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። «በዚህ ከተማ የዚያ ዓይነት ጠመንጃ ስንት ሺህ አለ? ቀለሁን ያነሳ ሰው ይስጠኝ። የእኔን መሣሪያ ወስደው ከቀለሁ ጋር ያስተያዩት። ጥይቱን የሚመታው የእያንዳንዱ መሣሪያ መርፌ የየራሱን ምልክት ይተዋል። እኔ ራሴ እለምናችኋለሁ፣ ቀለሁን ፈልጉልኝ።»

እውነቱን ነው፤ መርፌ ምልክት ይተዋል። በጥሩ ብርሃንና በማጉያ መነጽር አስር ጊዜ አይቻለሁ።

እኔ ለምን ዝም አልኩ? ማንም «አንተ አንስተሃል ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። ይመስለኛል።

ተወሰነ። ሀቢሶ ከእንግዲህ የእኛን ዕቃ አያጅብም፤ ለድርጅቱም ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤውን ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ድርጅቱ መሣሪያውን ነጥቆ ከሥራ አግዶታል። ጉዳዩ በድርጅቱ የሚታይበት ሄሪንግ ሐምሌ 17 ነው። ጥፋተኛ ከተባለ የመሣሪያ ፈቃዱም ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ሙያ ማንም አይቀጥረውም። ሁለት ልጆች አሉት።

እኔ ፈረድኩበት? አርባ ሰው ነው የፈረደው።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

እነ ሀቢሶ የሚኖሩበት የዛኔሌ እናት ቤት መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ከእኛ ጎረምሶች አንዱ ነው ይላሉ። አላመንኩም።

አምኛለሁ።

ደንበኞቼ ቀንሰዋል። ሁልጊዜ «ሳውቦና ባባ» ብላ ሰላምታ ሰጥታኝ የምትገባው አሮጊት ዛሬ አይታኝ በወዲያኛው ጠርዝ አለፈች። የዛኔሌን እናት ታውቃታለች መሰለኝ። እዚህ ማን ማንን እንደሚያውቅ አይታወቅም።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ትሮይቪል፣ ዘመድ ቤት ሆኖ የሚያገግመውን ሽኩርን ልጠይቅ ሄድኩ። በክራንች ይንቀሳቀሳል፤ ሪሀና ትራስ በትራስ አድርጋዋለች። ስለ ኳስ እያወራን ሳለ በመሐል እንዲህ አለ፦

«የጠመንጃው መልክ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ላዩ ላይ እጀታ ነበረው፤ እንደ ሻንጣ።»

«ምን ዓይነት እጀታ?»

«አንጠልጥለህ የምትሄድበት ዓይነት። ፕላስቲክ ነገር ነው፣ ጥቁር። የሀቢሶ እንዲህ አይደለም አይደል?»

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። ላዩ ላይ እጀታ ያለው የአሜሪካኖቹ ቤተሰብ ነው፤ እሱም ከአራተኛው ወገን ነው፣ ጥይቱ አንድ ነው፤ ግን የክላሽ ዘመድ አይደለም። እሱ ቀለህ አይጨረግድም።

«ለፖሊስ ነግረሃል?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ?»

መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። ሽኩር መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ ያቃዣል። ወይስ ሀቢሶ አባብሎት ነው? ሪሀና ለምን ዓይኗን ከእኔ አሸሸች?

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ቆርቆሮው ተነክቷል። ክዳኑ ላይ የነበረው አቧራ የለም።

ሙርሺዳ ምንም አላለችም። እራት ስታቀርብ ሳህኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው። ወይም እኔ ነኝ እንዲያ የሰማሁት።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ሆና፣ ሙርሺዳ ቆርቆሮውን የቁርስ ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ ስድስቱንም ቀለህ ከዳቦው አጠገብ ዘረገፈችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለህ።»

«የማን?»

ልሰበስባቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ከሽኩር ደጃፍ ነው አይደል? አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ቁርአን መትተህ ከመጣህ በኋላም ጭምር፣ ከዚህ ጋር ስትተኛ ነበር? እኔንም አስተኝተኸኝ?»

«አታውቂም አንቺ። ወታደር መሆኔ ከታወቀ ፔፐሬ...»

«አውቃለሁ! አስራ አራት ዓመት የኖርኩት ከማን ጋር ሆነና? ፔፐርህን እንፈራለን፣ እሺ። የእሱ ልጆች ምን ይብሉ? አሁን ስማኝ። ወይ አንተ ትወስደዋለህ፣ ወይ እኔ እወስደዋለሁ። እኔ ከወሰድኩት ደግሞ ስምህን እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ።»

እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ከዛኔሌ ጋር ተማክረው ይሆን? ብዬ አሰብኩ። ያን ያሰብኩት እሷ ፊቴ ቆማ እያለቀሰች ነው። አስተግፊሩላህ፣ ምን ሆኛለሁ?

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያቺው ግዙፍ ሳጅን ናት። ቀለሆቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። ጓንት አድርጋ አንድ በአንድ ላስቲክ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ስንት እጅ ነካቸው?»

«የእኔ። የሚስቴም።»

«የት ነበሩ?»

«የወተት ቆርቆሮ ውስጥ።»

«ሀይቦ!» አለችና ብዕሯን አስቀመጠች። «መሬት ላይ ብትተዋቸው ኖሮ ያን ዕለት ይላኩ ነበር። ያንን ከሥራ የታገደውን የጥበቃ ሰው በሳምንታት ውስጥ ወይ ነጻ ያወጡት ወይ ያሳስሩት ነበር። አሁን ላብራቶሪው ወራት ይፈጃል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ከቆርቆሮ የወጣ ማስረጃ ይቀበል አይቀበል አላውቅም። ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሱቅ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ገበሬ» አልኳት። ጻፈችው።

ወጥቼ ባኪው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ቀለሁን ሰጠሁ፤ ግን ምን ሰጠሁ? ላብራቶሪው እስኪመልስ ሄሪንጉ አልፎ ያድራል። ከዚያ በፊት ቀለሁን አንብቦ ሊያስረዳ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ገበሬ ነኝ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሄድኩ። የሄሪንጉ ክፍል በር ላይ ሀቢሶ ሲያየኝ ሊመሰክርበት የመጣሁ መስሎት ፊቱ አመድ ሆነ።

ትንሽ ክፍል፣ አንድ ሊቀመንበር፣ አንዲት ጸሐፊ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስሜን ተናገርኩ። «ይህን የማወቅ ብቃትህ ምንድን ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

የጸሐፊዋን ብዕር አየሁ። «አስራ አንድ ዓመት የመንግሥት ሠራዊት ውስጥ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ» አልኩ። ጸሐፊዋ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ አልቆምኩም። ስድስቱን ቀለህ ማን እንዳነሳቸው፣ የት እንደቆዩ፣ የሀቢሶ ዓይነት መሣሪያ ቀለህን እንዴት ጎኑን እንደሚጨረግድ፣ እነዚህ ግን ንጹሕ እንደነበሩ፣ ሽኩር ያየው እጀታ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ። ጥይት ዓይነቱን ይነግርሃል እንጂ ሰውየውን አይነግርህም አልኩ። ሊቀመንበሩ የሀቢሶን መሣሪያ አስመጥቶ፣ ከድርጅቱ የተኩስ ሜዳም በእሱ የተተኮሰ ቀለህ አስመጥቶ አየ። የተጨረገደ ነው፣ ሁሉም።

«ይህን መቼ አወቅህ?» አለኝ።

«በቅርቡ» አልኩ።

ሀቢሶ ቀና ብሎ አየኝ።

ነጻ ነው ተባለ። ፈቃዱ ተረፈ። ግን ነጋዴዎቹ አጃቢነቱን ስላቋረጡ ድርጅቱ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለኝም አለ፤ ሥራው እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ነው። መሰናበቻውን በዚያው ክፍል ነገሩት።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ከጋሽ ማናሴ ጋር ይቅርታ ልንጠይቅ የዛኔሌ እናት ቤት ሄድን። መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል። ሀቢሶ በሩን ከፈተልን እንጂ ግቡ አላለንም፤ ራሳችን ገባን። ዛኔሌ ሶፋው ላይ ትንሹን ልጅ አቅፋ ተቀምጣለች።

በአማርኛ ጀመርኩ። ሀቢሶ እጁን አነሳ። «እሷ በምትሰማው ቋንቋ።»

በእንግሊዝኛ እንደገና ጀመርኩ። ለቀምኩ አልኩ፤ ደበቅኩ አልኩ፤ በቁርአን ምዬ ዝም አልኩ አልኩ። ዛኔሌ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ቀለሁ የእሱ እንዳልሆነ መቼ አወቅህ?» አለች። ሊቀመንበሩ የጠየቀኝን ነው የጠየቀችኝ፤ በእሷ አፍ ግን ከበደ።

«በሦስተኛው ቀን።»

ሀቢሶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ እሱ ነው ያስባለህ ምንድን ነው? ጠመንጃው ነው ወይስ እኔ?»

«ጠመንጃው» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። የአራቱን ወገን ልዩነት ልነግራት እችል ነበር፤ ለአርባ ሰው ነግሬ የለ? ትከሻዋ ላይ የተኛውን ልጅ አየሁ። ሀቢሶን ነው የሚመስለው፣ ግንባሩ ሳይቀር።

«አንቺ» አልኳት።

እንግሊዝኛው ብዙም የማይገባቸው ጋሽ ማናሴ ክንዴን ነካ አድርገው «ምን አልካት?» አሉኝ። ለእሳቸውም በአማርኛ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ተነሳን። እስከ በሩም ድረስ የሸኘን ሰው አልነበረም።